ቻርልስ ዳርዊን፦ ከእናቱ ጸሎት ቤት እስከ ዌስትሚንስተር

ከለንደን በስተ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው ዳውን በተባለች ትንሽ የገጠር መንደር፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ እሑድ እሑድ ጎረቤት ሁሉ የለመደው አንድ ትዕይንት ነበር። በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ምእመናኑ ጸሎተ ሃይማኖት ለመድገም ሲነሡ ፊታቸውን ወደ መሠዊያው ያዞራሉ። አንዲት እናትና ልጆቿ ግን አይዞሩም። ፊት ለፊት እያዩ፣ ከንፈራቸውን ገጥመው፣ ጸሎቱ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። የቤቱ አባወራ አብሯቸው የለም። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ድረስ ይሸኛቸውና የእግር ጉዞውን ብቻውን ይቀጥላል።

አባወራው ቻርልስ ዳርዊን ነበር። ሕይወት ያላቸው ፍጥረታት ሁሉ በረጅም ዘመን፣ በተፈጥሯዊ ምርጫ እየተለወጡ ከጋራ ምንጭ መምጣታቸውን ያስረዳው የተፈጥሮ ሊቅ። ከሃይማኖት ጋር የነበረው ግንኙነት ብዙውን ጊዜ የሚተረከው እንደ ጦር ሜዳ ነው፤ ሳይንስ በአንድ ወገን፣ ቤተ ክርስቲያን በሌላ ወገን ተሰልፈው። የዚያ እሑድ ጠዋት ዝምታ ግን ለዚህ ትረካ አይመችም። ባለቤቱ ኤማ ዝም ያለችው እምነት ስላልነበራት አይደለም። ከጎረቤቶቿ የተለየ እምነት ስለነበራት ነው፤ እሱም ዳርዊን ራሱ በልጅነቱ በእናቱ እጅ ተይዞ የገባበት እምነት ነበር።

የዚህ እምነት ተከታዮች ዩኒቴሪያን ይባላሉ። ስያሜው አንድነት ከሚል ቃል የወጣ በመሆኑ አማርኛ አንባቢን ተዋሕዶን ሊያስታውሰው ይችላል፤ ዝምድና ግን የላቸውም። ተዋሕዶ የሚናገረው ስለ ክርስቶስ መለኮትና ትስብእት አንድነት ነው። ዩኒቴሪያኖች ደግሞ እግዚአብሔር አንድ አካል ብቻ ነው በማለት ምሥጢረ ሥላሴን የማይቀበሉ ነበሩ። ኢየሱስን እንደ ታላቅ መምህርና የእግዚአብሔር መልእክተኛ ያከብሩታል፣ አምላክነቱን ግን አይቀበሉም። በ325 በኒቅያ ጉባኤ የተወገዘው የአርዮስ ስም በእነሱ ላይ ሲለጠፍ መኖሩ አያስገርምም። በመካከላቸው ሁሉም ሊደግመው የሚገደድ ጸሎተ ሃይማኖት አልነበረም። መጽሐፍ ቅዱስን በኅሊናና በአመክንዮ እየመረመሩ ማንበብን፣ ከቀኖና ይልቅ ምግባርን ያስቀድሙ ነበር።

ይህ አቋም በአውሮፓ ዋጋ ያስከፍል ነበር። ሥላሴን የካደው ስፔናዊ ሐኪም ሚካኤል ሰርቬተስ በ1553 በጄኔቫ በእሳት ተቃጥሏል። በእንግሊዝ አገር ሥላሴን መካድ ከወንጀልነት የተፋቀው በ1813 በወጣ ሕግ ነው፤ ዳርዊን ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያም በኋላ ቢሆን ዩኒቴሪያኖችን ጨምሮ ከመንግሥታዊው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ያሉ ክርስቲያኖች ኦክስፎርድ ሊገቡ፣ ከካምብሪጅም ሊመረቁ አይችሉም ነበር።

የሸክላ ሠሪው ቤት

የዳርዊን እናት ሱዛና የጆሳያ ዌጅውድ ልጅ ነበረች። ዌጅውድ በሸክላና በገበታ ዕቃ ሥራው ከነገሥታት ቤት እስከ ነጋዴ ጓዳ የገባ፣ በእንግሊዝ የኢንዱስትሪ አብዮት ታሪክ ስሙ ከፊት የሚጠራ ሰው ነው። እምነቱ ዩኒቴሪያን ነበር። በ1787 በሰንሰለት የታሰረ፣ ተንበርክኮ የሚማጠን ጥቁር ሰው የተቀረጸበት ትንሽ የሸክላ ምስል አሠርቶ በነፃ ያድል ጀመር። ምስሉ የፀረ ባርነት እንቅስቃሴው ዓርማ ሆነ፤ ሴቶች በጸጉር ጌጥና በአምባር ላይ እያስገቡ ያደርጉት ነበር።

የዌጅውድ የቅርብ ወዳጆች ከነበሩት መካከል ኦክስጅንን ካገኙት ሳይንቲስቶች አንዱ የሆነው ጆሴፍ ፕሪስትሊ ይገኝበታል። ፕሪስትሊ ኬሚስት ብቻ ሳይሆን የዩኒቴሪያን ሰባኪም ነበር። ለእሱ በቤተ ሙከራና በመድረክ መካከል ግድግዳ አልነበረም፤ ተፈጥሮ በማይናወጥ ሕግ የምትመራ የእግዚአብሔር ሥራ ስለሆነች ሕጓን መመርመር አምልኮ ነው ብሎ ያምን ነበር። በ1791 የተቆጣ ሕዝብ በርሚንግሃም የነበረውን ቤቱን፣ ቤተ ሙከራውንና ጸሎት ቤቱን አወደመበት። ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ አሜሪካ ተሰደደ።

በአባቱ ወገን ያለው ታሪክ ቀዝቀዝ ያለ ነው። አያቱ ኢራስመስ ዳርዊን ሐኪምና ገጣሚ ነበር፤ ስለ ፍጥረታት መለዋወጥ ከልጅ ልጁ አስቀድሞ ጽፏል። ለየትኛውም ቤተ እምነት ብዙ አይጨነቅም። የዩኒቴሪያንን እምነት፣ ከክርስትና የሚወድቅ ሰው እንዳይጎዳ ከሥር የተነጠፈ የላባ ፍራሽ እያለ ይቀልድበት ነበር ይባላል። ቀልዱ ለቤተሰቡ ትንቢት መሰለ። የኢራስመስ ልጅ ሮበርት፣ እሱም ሐኪም፣ በውስጡ ምንም የማያምን፣ በአደባባይ ግን ዝምታን የመረጠ ሰው ነበር። ሱዛናን ያገባው እሱ ነው።

ቻርልስ ዳርዊን የካቲት 12 ቀን 1809፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር፣ በሽሩስበሪ ከተማ ተወለደ። ጥንቁቁ አባቱ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አስጠመቀው። እናቱ ግን እሑድ እሑድ ልጆቿን ይዛ የምትሄደው በከተማዋ ዋና መንገድ ላይ ወዳለው የዩኒቴሪያኖች ጸሎት ቤት ነበር። በ1817 የጸሎት ቤቱ አገልጋይ ጆርጅ ኬዝ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ገባ። በዚያ ወራት አንዱን ሕፃን፣ አበባን ባለቀለም ውኃ በማጠጣት ቀለሟን መለወጥ እችላለሁ ብሎ አታልሎታል፤ ውሸቱን ካረጀ በኋላም አልረሳውም።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ እናቱ ሞተች። ስምንት ዓመቱ ነበር። ከሞት አልጋዋ፣ ከጥቁር ከፋይ ቀሚሷና ከሥራ ጠረጴዛዋ በቀር የሚያስታውሰው እምብዛም አልነበረም። ጸሎት ቤቱም ከእሷ ጋር ከሕይወቱ ወጣ። ያሳደጉት ታላላቅ እህቶቹ ናቸው፤ የገባበት አዳሪ ትምህርት ቤትም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚከተል ነበር።

ቄስ ሊሆን የነበረው ወጣት

በኤድንበራ የጀመረውን የሕክምና ትምህርት የደም ነገር አስጠልቶት ሲተወው፣ አባቱ ልጁ ሥራ ፈት ሆኖ እንዳይቀር ቅስናን መረጠለት። ለማያምን አባት እንግዳ ምርጫ ይመስላል፤ በጊዜው ግን የገጠር ቅስና የተከበረ መተዳደሪያና ጥንዚዛ ለመሰብሰብ የሚበቃ ትርፍ ጊዜ ያለው ሥራ ነበር። ዳርዊን ካምብሪጅ ገባ፣ ለመመረቅም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አባል መሆኑን አረጋገጠ። የእናቱ ወገኖች ሊያልፉት ያልቻሉትን በር እሱ በጥምቀቱ ምክንያት አለፈው።

ከታኅሣሥ 1831 እስከ ጥቅምት 1836 ቢግል በተሰኘችው መርከብ ዓለምን ዞረ። የዚህ ጉዞ ታሪክ በሰፊው የታወቀ ነው፤ እዚህ ላይ የሚነሣው በብራዚል የሆነ አንድ ጠብ ብቻ ነው። የመርከቧ አዛዥ ሮበርት ፊትዝሮይ ባርነትን እየደገፈ፣ አንድ ጌታ ባሪያዎቹን ሰብስቦ ነፃ መውጣት ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው ሁሉም አንፈልግም ማለታቸውን ነገረው። ዳርዊን፣ ባሪያ በጌታው ፊት የሚሰጠው መልስ ምን ዋጋ አለው ብሎ ጠየቀ። አዛዡ በቁጣ ነደደ፤ ዳርዊን ከመርከቧ የሚባረር መስሎት ነበር፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ፊትዝሮይ ይቅርታ ላከ። የሸክላ ሠሪው የልጅ ልጅ ከእናቱ ቤት ቀኖና ይዞ ባይወጣም፣ ይህን ጥላቻ ይዞ ወጥቷል። እስከ ዕድሜው ፍጻሜም አልለቀቀውም።

ከጉዞ ሲመለስ ለንደን ውስጥ የተቀላቀለው የታላቅ ወንድሙን ክበብ ነው። የክበቡ ዋልታ በዩኒቴሪያን ቤት ያደገችው ዝነኛዋ ጸሐፊ ሃሪየት ማርቲኖ ነበረች፤ ወንድሟ ጄምስ ማርቲኖ ደግሞ ከእምነቱ ታላላቅ ሰባኪዎች አንዱ ነው። በእነዚህ ሰዎች ማዕድ ዙሪያ ተፈጥሮ በሕግ ትመራለች ማለት እንደ ክህደት አይቆጠርም። ዳርዊን የዝርያዎችን መለወጥ በሚስጥር ማስታወሻ ደብተሮቹ መጻፍ የጀመረው በዚህ ወቅት፣ በ1837 ነው። ዩኒቴሪያኖች ንድፈ ሐሳቡን ሰጡት ማለት ግን ማጋነን ይሆናል። ንድፈ ሐሳቡ ከአዕዋፍ፣ ከቅሪተ አካላትና ከዓመታት ድካም የወጣ ነው። እነሱ የሰጡት፣ እንዲህ ያለውን ሐሳብ ሳይደነግጡ የሚሰሙ ጆሮዎችን ነው።

ደብዳቤው

ጥር 29 ቀን 1839 ዳርዊን የአጎቱን ልጅ ኤማ ዌጅውድን አገባ። ሠርጉ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ተፈጸመ፤ ሥርዓቱ ግን ለዩኒቴሪያን ዘመዶች ኅሊና እንዲመች ተደርጎ ነበር። ኤማ ራሷ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የጸናች ናት። በዚያ ቤተሰብ ድንበሩ እንዲህ የደበዘዘ ነበር፤ ስማቸው በአንዱ መዝገብ፣ ልባቸው በሌላው።

አባቱ ጥርጣሬውን ከሚስቱ እንዲደብቅ መክሮት ነበር። ዳርዊን ምክሩን አልሰማም፤ ከጋብቻው በፊት ሁሉን ነገራት። ለኤማ ነገሩ የክርክር ጉዳይ አልነበረም። በ1832 የሞተችባትን እህቷን ፋኒን በወዲያኛው ዓለም እንደምታገኛት ተስፋ ታደርግ ነበር፤ አሁን ደግሞ ከባሏ ለዘላለም የመለየት ስጋት መጣባት። ከሠርጉ በኋላ በጻፈችለት ደብዳቤ፣ እስኪረጋገጥ ድረስ ምንም ያለማመን የሳይንስ ልማዱ በማስረጃ ሊለኩ በማይችሉ ነገሮች ላይም ተጽዕኖ እንዳያሳድርበት ለመነችው። በቅንነት እየጠየቀ ያለ ሰው ሊበድል እንደማይችልም ጨመረች፤ ይህ የዩኒቴሪያኖች ትምህርት እምብርት ነው። ዳርዊን ደብዳቤውን ዕድሜ ልኩን አኖረው። ብዙ ጊዜ ስሞት እንዳለቀሰበትም ከግርጌው ጽፎበታል።

በ1844 የንድፈ ሐሳቡን ረጅም ረቂቅ ሲጨርስ ለሕትመት አላበቃውም። ድንገት ከሞተ እንዲታተም፣ ለሥራውም 400 ፓውንድ እንዲመደብ የሚያዝ ደብዳቤ ጽፎ አስቀመጠ። ደብዳቤው የተጻፈው ለሳይንቲስት ጓደኛ ሳይሆን ለኤማ ነበር። የምትፈራውን መጽሐፍ በአደራ የተቀበለችው እሷ ናት። ረቂቁንም አነበበች፤ ያላሳመናት ቦታ ላይ በኅዳጉ ምልክት አደረገች።

ሚያዝያ 23 ቀን 1851 የአሥር ዓመት ልጃቸው አኒ፣ ለሕክምና በሄደችበት በማልቨርን ከተማ ሞተች። ኤማ ለመውለድ ተቃርባ ስለነበር መጓዝ አልቻለችም፤ ከሕፃኗ አልጋ ያልተለየው አባቷ ነበር። የአኒ ሞት የዳርዊንን እምነት ገደለው የሚለው አባባል ለፊልም ይመቻል። እሱ ራሱ የተወው ምስክርነት ግን አለማመን ቀስ በቀስ፣ ስቃይ ሳያስከትል እንደመጣበት የሚናገር ነው። ከሐዘኑ በፊት በነበሩት ሳምንታት የፍራንሲስ ኒውማንን መጽሐፍ ያነብ ነበር። የታወቁት ካርዲናል ወንድም የሆነው ኒውማን፣ ከቀኖና ወደ ንጹሕ ግብረ ገብ ያደረገውን የእምነት ጉዞ የተረከ፣ ኋላም ከዩኒቴሪያኖች ጋር የተቀላቀለ ምሁር ነው። ስለዚህ አኒ ስትሞት ዳርዊን ቀድሞውኑ በመንገዱ ርቆ ነበር። የእሷ ሞት የወሰደበት ምናልባት የመጨረሻውን ነገር፣ ዓለም ለደጎች በፍትሕ ትመራለች የሚለውን ተስፋ ነው።

መጽሐፉ ከወጣ በኋላ

በ1858 አልፍሬድ ራስል ዋላስ ተመሳሳይ ሐሳብ የያዘ ጽሑፍ ከሩቅ ምሥራቅ ላከለት። እንዲያሳትም ከገፋፉት ወዳጆቹ አንዱ፣ ኋላ የጄምስ ማርቲኖን ስብከት የሚከታተል የሆነው የሥነ ምድር ሊቅ ቻርልስ ላየል ነው። የዝርያዎች አመጣጥ ኅዳር 24 ቀን 1859 በ1,250 ቅጂ ታትሞ ወጣ።

ቁጣው ይታወቃል። ብዙም የማይነሣው፣ ደግ አቀባበል ካደረጉለት የመጀመሪያ ግምገማዎች አንዱ በ1860 መባቻ ዩኒቴሪያኖች ባቋቋሙት ናሽናል ሪቪው መጽሔት ላይ መውጣቱ ነው። ጸሐፊው የዩኒቴሪያን ሰባኪ ልጅ የሆነው የሥነ አካል ሊቅ ዊሊያም ካርፔንተር ነበር። እግዚአብሔር በሕግ ይሠራል ብሎ ለሚያምን ሰው አዲሱ ትምህርት የሚያስደነግጥ አልሆነበትም፤ ሆኖም ዳርዊን እስከሄደበት ጥግ አልተከተለውም። ሃሪየት ማርቲኖ ደግሞ ያኔ እምነቱን ጨርሳ ትታ ስለነበር ቅሬታዋ የተገላቢጦሽ ነው፤ ዳርዊን በመጽሐፉ ፈጣሪን መጥራቱን አልወደደችውም። እሱ ግን በሁለተኛው እትም የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ላይ የፈጣሪን ስም ጨመረ።

ዩኒቴሪያን ሁሉ ደግፎታል፣ ሌላው ሁሉ ተቃውሞታል ብሎ መከፋፈል ግን አይቻልም። በአሜሪካ የዳርዊን ዋና ተሟጋች የነበረው ኤሳ ግሬይ ሥላሴን የሚያምን አጥባቂ ፕሮቴስታንት ነው። ዋና ተቃዋሚው ሉዊ አጋሲ ደግሞ ዩኒቴሪያኖች በገነኑበት በሃርቫርድ፣ በእነሱ መካከል ተከብሮ ይኖር ነበር። አጋሲ የሰው ዘሮች ለየብቻ የተፈጠሩ ናቸው ይል ነበር። ዳርዊን በ1871 ስለ ሰው ዘር ባሳተመው መጽሐፍ ግን የሰው ልጅ ሁሉ ምንጭ አንድ መሆኑን ተከራከረ፤ ጥንታዊ ወላጆቻችንም ከየትኛውም አህጉር ይልቅ በአፍሪካ ሳይኖሩ እንዳልቀረ ገመተ። በእጁ አንድም የአፍሪካ ቅሪተ አካል አልነበረም። በአፋር ሐዳር ድንቅነሽ የተገኘችው ከ103 ዓመታት በኋላ ነው።

በአደባባይ ስለ እምነቱ አይናገርም። አንድ ጊዜ ብቻ ከልማዱ ወጣ። አሜሪካዊው ፍራንሲስ አቦት የዩኒቴሪያን አገልጋይነቱን ትቶ ከማንኛውም ቀኖና ነፃ የሆነ ሃይማኖት መስበክ ሲጀምር፣ ዳርዊን ገንዘብ ረዳው፤ በሐሳቡ መስማማቱን የሚገልጽ ቃሉም በአቦት ጋዜጣ እንዲታተም ፈቀደ። በ1880 ግን ቃሉ እንዲነሣ ጠየቀ። በእርጅናው አግኖስቲክ የሚለውን ስያሜ ለራሱ መርጧል፤ የፈጣሪን መኖር አለማወቅ እንጂ መካድ አይደለም። በመንደሩ ከአጥቢያው ቄስ ጆን ኢነስ ጋር ዕድሜ ልክ ወዳጅ ነበር፤ የድሆች መረዳጃ ማኅበሩንም ሒሳብ ይዟል።

ሚያዝያ 19 ቀን 1882 ሞተ። በዳውን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከወንድሙ አጠገብ እንደሚቀበር ያስብ ነበር። የፓርላማ አባላትና ሳይንቲስቶች ግን ጠይቀው፣ ከሳምንት በኋላ በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን፣ ከአይዛክ ኒውተን ጥቂት እርምጃ ርቆ አረፈ። በኤማ ልብ ቦታው ዳውን ነበርና እሷ ለቀብሩ ለንደን አልሄደችም።

ከሞቱ በኋላ የቤተሰቡ ጭንቀት ለልጆቹ የጻፈው ግለ ታሪክ ሆነ። በአንድ ቦታ ላይ፣ ክርስትና እውነት እንዲሆን የሚመኝ ሰው መኖሩ እንደሚገርመው ጽፏል፤ የመጽሐፉ ቃል በቀጥታ ከተነበበ አባቱ፣ ወንድሙና የቅርብ ወዳጆቹ ሁሉ ማለት ይቻላል ለዘላለም ቅጣት የተዳረጉ ናቸውና። ኤማ ይህ እንዳይታተም ጠየቀች። በጥቅምት 1882 በጻፈችው ማስታወሻ ምክንያቷን ገለጸች፤ ባለማመን የተነሣ የዘላለም ቅጣት አለ የሚለውን ትምህርት ዛሬ ክርስትና ብሎ የሚጠራው ጥቂት ሰው ብቻ ነው አለች። ልጃቸው ፍራንሲስ በ1887 ያሳተመው ቅጂ ይህንና ሌሎች ክፍሎች ተቆርጠውበት ወጣ። ኤማ በ1896 አረፈች።

የልጅ ልጃቸው ኖራ ባርሎ በ1958 ግለ ታሪኩን ምንም ሳትቀንስ አሳተመችው። የተመለሱት ቃላት ወደ 6,000 ይጠጋሉ። የአያቷን ዓረፍተ ነገር ወደ ቦታው ስትመልስ የአያቷን የኤማንም ማስታወሻ ከሥሩ፣ በግርጌ አኖረችው።